መንገድ ላይ የማያውቁትን ሰው አስፈቅዶ ፎቶ እንዴት ማንሳት ይቻላል?

አንድ መንገደኛ «እሺ» ካለዎት በኋላ የሚሰጥዎት ጊዜ ሁለት ደቂቃ ቢሆን ነው። ያቺን ጊዜ ካሜራ ሲነካኩ ከጨረሷት ሰውየው ይሰለቻል፣ ፊቱም ይናገርበታል። ስለዚህ ግማሹ ሥራ ከመጠየቅዎ በፊት ያልቃል።

1. ካሜራውን ያዘጋጁ። በፉል ፍሬም ካሜራ (ብርሃን መቀበያው የ35 ሚሊሜትር ፊልም ያህል በሆነ) 50 ወይም 85 ሚሊሜትር ሌንስ ይያዙ። በ24 ሚሊሜትር ፎቶውን በሰውየው ፊት ለመሙላት በጣም መጠጋት ግድ ስለሚሆን አፍንጫ ይገዝፋል። አፐርቸሩን (የሌንሱን የብርሃን ቀዳዳ) ኤፍ 2.8፣ ሹተሩን (ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ) 1/250 ሰከንድ ላይ ያድርጉ፤ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) አውቶ ላይ ይተዉት፣ ጣሪያው ግን ከ3200 አይለፍ። ቀዳዳው ይበልጥ የሚሰፋበት ኤፍ 1.4 ያጓጓል፤ ፊቱ ትንሽ ዘወር ካለ ግን አንዱ ዓይን ጠርቶ ሌላው ይደበዝዛል። በ1/60 ደግሞ ሰው ሳይታወቀው ስለሚነቃነቅ ፎቶው ይፈዛል። ይህ በካሜራው ትንሽ ስክሪን ላይ አይታይም፤ ቤት ገብተው ሲከፍቱት ነው የሚያናድደው።

2. ቦታውን ይምረጡ። በቀትር ፀሐይ የዓይን ጉድጓድ ይጠቁራል። ከጥላው ጠርዝ አንድ ሁለት እርምጃ ገባ ብሎ፣ ፊት ወደ ብርሃኑ የሚዞርበት፣ ከጀርባው የማይዝረከረክ ግድግዳ ያለው ቦታ ይፈልጉ።

3. ሰው ይምረጡ። የሚጣደፈውንና ስልክ የሚያወራውን ይለፉት። ልጅ ከሆነ የሚጠየቀው ወላጁ ነው።

4. ይጠይቁ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ከፊት ለፊት ይምጡ፤ ከኋላ ትከሻ መንካት ያስደነግጣል። ካሜራው ይታይ፣ ግን ዝቅ ብሎ። ሁለት ሜትር ያህል ሲቀርዎት ቆም ይበሉና፦

«ይቅርታ፣ አንዴ ላስቸግርዎት? የሰዎችን ፎቶ ነው የማነሳው። ቀይ ሻርፕዎ ዓይኔን ሳበው፤ እዚያ ግራጫው ግድግዳ ጋ ሁለት ሦስት ፎቶ ባነሳዎት ይፈቅዳሉ?»

ምን እንደሚሠሩ፣ ለምን ባለ ሻርፗን ሴት እንደመረጡ፣ የት እንደሚያነሷትና ስንት ፎቶ እንደሆነ በዚህ ተነግሯል። «ቆንጆ ነዎት» ማለት ያሸማቅቃል፤ ስለ ሻርፑ መናገር ግን ማንንም አያስፈራም። «ለምንድነው?» ከተባሉ እውነቱን ይናገሩ። ኢንተርኔት ላይ የሚያወጡት ከሆነም ለብቻው ያስፈቅዱ። «አይ» ከተባሉ «ችግር የለም፣ አመሰግናለሁ» ብለው ይሂዱ። መለማመጥ ነውር ነው፣ አጠገብ ያሉትንም ሰዎች ያስጠነቅቅብዎታል።

5. ያንሱ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ፎቶዎች ላይ የሚወጣው ሰው ለካሜራ ያዘጋጀው ፊት ነው፦ አገጭ ቀና፣ ፈገግታ ድርቅ። ቶሎ ቶሎ ያንሷቸውና ካሜራውን ዝቅ አድርገው ስለ ሻርፑ አንድ ነገር ይጠይቁ። መልሱ አልቆ ከንፈር ሲገጠም፣ ያኔ ያንሱ። እጇን የት እንደምታደርግ ከቸገራት የሻርፑን ጫፍ ትያዝ።

6. ያሳዩ፣ ይላኩ። ከተነሡት ውስጥ ጥሩውን መርጠው በስክሪኑ ያሳዩ፤ ይህን አይቶ «እስቲ አንድ ድገሚኝ» ወይም «ድገመኝ» የሚል አይጠፋም። እልካለሁ ካሉ አድራሻውን ወረቀት ላይ ያጽፉና ወረቀቱን እዚያው በካሜራው ያንሱት። ሚሞሪ ካርዱ ላይ ከፎቶው ቀጥሎ ስለሚቀመጥ በቀኑ መጨረሻ የትኛው አድራሻ የማን እንደሆነ አይምታታብዎትም።