ካቻቢቴ ከማንሳታችሁ በፊት፦ የባዮስ ፓስወርድ ሲረሳ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

የላፕቶፓችሁን ማብሪያ ተጫናችሁ። ገና የዊንዶውስ ምልክት ሳይመጣ ጥቁር ስክሪን ላይ ፓስወርድ የሚጠይቅ ሣጥን ወይም የቁልፍ ምስል ብቅ አለ። ዊንዶውስን አትውቀሱት፤ እሱ ገና አልነቃም። የጠየቃችሁ ማዘርቦርዱ (የላፕቶፑ ዋና ሰሌዳ) ላይ ያለው፣ ማሽኑን የሚያስነሳው ፕሮግራም ነው። አዲሶቹ ላይ ያለው ዩኢኤፍአይ ቢባልም ሰው ሁሉ ባዮስ ነው የሚለው፤ እኔም እንደዚያው እላለሁ።

እኛ ጎንደር ይሄ ጣጣ በየት በኩል እንደሚመጣ ይታወቃል። ከተማው ውስጥ የሚሸጡት ያገለገሉ ላፕቶፖች ብዙዎቹ ዴል ላቲቲዩድ፣ ኤችፒ ኤሊትቡክና ሌኖቮ ቲንክፓድ ናቸው። ለመሥሪያ ቤት ተብለው የተሠሩ ማሽኖች ናቸው። የመሥሪያ ቤት አይቲ ክፍል ደግሞ ሠራተኛው ሴቲንግ እንዳይነካካ ባዮሱን ይቆልፋል። ላፕቶፑ ሲሸጥ ቁልፉም አብሮ ይሸጣል። አንዳንዴ ደግሞ ጥፋቱ የራሳችን ነው። ልጆች እንዳይነኩት ብለን እንቆልፍና እንረሳዋለን።

ቁልፉ ብቻውን ዕቃ አያበላሽም። ለመክፈት ስንጣደፍ የምናደርገው ነገር ግን ያበላሻል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው እዚህ ላይ በደንብ ይሠራል፤ ልዩነቱ የማዘርቦርድ ቺፕ ከፈሰሰ አለመለቀሙ ነው።

የትኛው እንደተቆለፈ ሳይለዩ መጀመር

ሦስት ዓይነት ቁልፍ አለ። አንዱ ማሽኑ ሲበራ የሚጠይቀው ነው፤ እሱን ሳያልፉ ወደፊት የለም። ሌላው ሱፐርቫይዘር ወይም አድሚን ፓስወርድ የሚባለው ነው። ይሄኛው ባዮስ ውስጥ ልግባ ካላላችሁ መኖሩንም አታውቁም። ላፕቶፑ እንደወትሮው ይነሳል፣ ዊንዶውስ ይከፈታል፣ ሥራ ይሠራል። ሦስተኛው የሃርድ ዲስክ ፓስወርድ ነው።

የእናንተ ሱፐርቫይዘሩ ብቻ ከሆነ ምንም ባታደርጉም ትችላላችሁ። ከፍላሽ ማስነሳትና ሴቲንግ መቀየር ይከለክላችሁ ይሆናል እንጂ ከመጻፍ፣ ሒሳብ ከመሥራት፣ ፊልም ከማየት አያግዳችሁም። በሰላም የሚሠራ ላፕቶፕ "ቁልፉን ላስወልቅ" ብሎ ወስዶ ሬሳውን ይዞ መመለስ አለ።

ከባዱ የሃርድ ዲስኩ ነው። ቁልፉ ያለው ዲስኩ ውስጥ ነው። ዲስኩን ነቅላችሁ ሌላ ላፕቶፕ ላይ ብትሰኩት ቁልፉ አብሮት ይሄዳል። ማዘርቦርድ ብትቀይሩም ያው ነው። ሌኖቮ በመመሪያው ላይ ይህ ፓስወርድ ከተረሳ ማንሳትም ሆነ ዳታውን ማውጣት እንደማይችል በግልጽ ጽፏል። ያለው መንገድ ዲስኩን መቀየር ብቻ ነው። "እኔ እከፍተዋለሁ" የሚል ሰው ከመጣ ገንዘባችሁን ያዝ አድርጉ።

"ፎርማት ይደረግልኝ"

ጥገና ቤት ሲገባ መጀመሪያ ከአፍ የሚወጣው ይሄ ነው። ፎርማት የሚነካው ዲስኩን ነው፤ የባዮስ ፓስወርድ ደግሞ ዲስኩ ላይ የለም። የፋሲል ግቢ የውጭ በር ተዘግቶባችሁ ሳለ ውስጥ ያለውን የአንዱን ክፍል ቁልፍ ብታስቀይሩ ምን ይጠቅማችኋል? ይባስ ብሎ ቴክኒሻኑ ዲስኩን አውጥቶ ሌላ ማሽን ላይ ፎርማት ቢያደርገው ፋይላችሁ ይጠፋል፣ ቁልፉ እንዳለ ይቀራል።

ሳያስቡ ደጋግሞ መምታት

ብዙዎቹ ላፕቶፖች ሦስት ጊዜ ስትሳሳቱ ይቆማሉ። አጥፍታችሁ እስክታበሩ ሌላ ሙከራ አይቀበሉም። አንዳንድ ኤችፒዎች "ሲስተም ዲሴብልድ" ብለው አጠገቡ ቁጥር ያሳያሉ። ያንን ስክሪን በስልካችሁ ፎቶ አንሱት፤ በኋላ ስለ ማሽኑ ስትጠይቁ ያስፈልጋችኋል።

ከዚያ ቁጭ ብላችሁ አስቡ። የእኛ ሰው ፓስወርድ የሚያወጣበት የራሱ መንገድ አለው። የአማርኛ ቃል በእንግሊዝኛ ፊደል እንጽፋለን፤ አጻጻፉ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። የከተማችንን ስም እንኳ አንዱ የመጨረሻውን አናባቢ በ"ኤ" ሌላው በ"ኢ" ፊደል ይጽፈዋል። የልደት ዓመት ከተጠቀማችሁ ደግሞ በየትኛው አቆጣጠር ነበር? በእኛና በፈረንጆቹ መካከል 7 ወይም 8 ዓመት ልዩነት አለ። 1987 ብላችሁ የሞከራችሁት 1995 ሊሆን ይችላል። የስልክ ቁጥር ከሆነ በዜሮ ነው የጀመረው ወይስ በ251? እነዚህን መጀመሪያ ወረቀት ላይ ዘርዝሩና ከዚያ አንድ በአንድ ሞክሩ።

ኪቦርዱንም እዩት። ኬፕስ ሎክ በርቶ ይሆናል። በትንንሽ የቆዩ ላፕቶፖች ላይ ነም ሎክ ከበራ የቀኝ እጅ ፊደሎች ቁጥር ይሆናሉ። ላፕቶፑ ጀርመን ካለ ዘመድ የመጣ ከሆነ ኪቦርዱ ላይ "ዋይ" እና "ዜድ" ቦታ ተለዋውጠዋል። ባዮስ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚያነበው በአሜሪካ ኪቦርድ አቀማመጥ ነው። ስለዚህ አለዋውጣችሁም ሞክሩ። በብሉቱዝ ኪቦርድ አትድከሙ፤ በዚያ ሰዓት ማሽኑ ላያውቀው ይችላል።

ባትሪ ነቅሎ ማሳደር

ይሄ ምክር ከየት መጣ ካላችሁ፣ ከዴስክቶፕ ነው። በድሮ ዴስክቶፖች ላይ ፓስወርዱ የሚቀመጠው ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ በሚጠፋ ሜሞሪ ላይ ነበር። ያንን ሜሞሪ በሕይወት የምታቆየው ሲአር 2032 የምትባለው ክብ ባለ 3 ቮልት ባትሪ ናት። እሷን ነቅሎ መቆየት ወይም ጃምፐሩን (ማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ትንሽ ማገናኛ) ቦታ መቀየር ፓስወርዱን ያጠፋው ነበር። ዛሬም ብዙ ዴስክቶፕ ላይ ይሠራል። ምክሩ ውሸት አይደለም፤ ቦታው ነው የተሳሳተው።

የቢሮ ላፕቶፖች ላይ ግን ፓስወርዱ የሚቀመጠው መብራት ቢጠፋም በማይረሳ ቺፕ ላይ ነው። ባትሪዋን ለሳምንት ብትነቅሉ የሚጠፋው ሰዓቱና ቀኑ ብቻ ነው። በአንዳንድ ሞዴሎች ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ሰዓቱ ሲጠፋ ማሽኑ "ቀንና ሰዓት አስተካክል" ብሎ ባዮስ ውስጥ እንድትገቡ ያዛል። ባዮስ ለመግባት ሱፐርቫይዘር ፓስወርድ ያስፈልጋል። ትናንት ይነሳ የነበረ ላፕቶፕ ዛሬ አልነሳም አለ ማለት ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው "ቺፑን በሽቦ ሾርት አድርገው" የሚለው ቪዲዮ ነው። ቪዲዮው ላይ ያለው ማሽንና የእናንተ አንድ ሞዴል መሆኑን ካላረጋገጣችሁ፣ እባካችሁ ተዉት።

ዳታውንና ላፕቶፑን አንድ አድርጎ ማየት

የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያስረክብ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ላፕቶፑ ሲቆለፍበት የሚያለቅሰው ለላፕቶፑ አይደለም። ለጽሑፉ ነው። ደስ የሚለው፣ የማስነሻ ፓስወርድ ብቻ ከሆነ ዳታው ራሱ አልተቆለፈም። ቻርጀሩን ነቅላችሁ፣ ባትሪውን አላቅቃችሁ፣ ዲስኩን አውጡና በኬዝ ወይም በኬብል ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰክታችሁ ፋይሉን ገልብጡ። ለአንድ ቴክኒሻን ቀላል ሥራ ነው። ላፕቶፑ ከዚያ በኋላ በሰፊው ይታሰብበታል።

ይሄ የማይሆንባቸው ሦስት ሁኔታዎች አሉ። ዲስኩ ራሱ ፓስወርድ ካለው፣ ማከማቻው ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ከሆነ (አዲሶቹ ማክቡኮችና አንዳንድ ቀጫጭን ላፕቶፖች እንዲህ ናቸው) ወይም ዲስኩ በቢትሎከር (በዊንዶውስ የራሱ ምስጠራ) የተመሰጠረ ከሆነ።

ቢትሎከር ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው ሳያውቀው ነው የሚይዘው። ብዙ የዊንዶውስ 11 ላፕቶፖች በማይክሮሶፍት አካውንት ሲገባባቸው ምስጠራውን ራሳቸው ያበሩታል። ከዚያ ዲስኩ ወደ ሌላ ማሽን ሲሄድ፣ ማዘርቦርድ ሲቀየር፣ አንዳንዴም የባዮስ ሴቲንግ ሲነካ 48 አሃዝ ያለው የመመለሻ ቁጥር ይጠይቃል። ቁጥሩ አብዛኛውን ጊዜ በማይክሮሶፍት አካውንታችሁ ውስጥ ስላለ በስልክ ገብታችሁ ታገኙታላችሁ። የአካውንቱን ፓስወርድም ከረሳችሁ ግን መጀመሪያ እሱን አስተካክሉ። ላፕቶፑ አሁን የሚነሳ ከሆነ ማንም ሳይነካው ቁጥሩን ጻፉት፣ ፋይሉንም ገልብጡ።

ቴሌግራም ላይ ፓስወርድ መግዛት

የድሮ ላፕቶፖች ላይ ስክሪኑ ከሚያሳየው ኮድ ተነስቶ የሚሰላ የፋብሪካ ፓስወርድ ነበር። ለእነሱ የሚሠራ ነገር አለ። አዲሶቹ ላይ ይህ በር ተዘግቷል። "የትኛውንም ሞዴል እከፍታለሁ፣ በቴሌብር አስቀድመህ ላክ" የሚል ሰው የሚፈልገው ቴሌብሩን ነው። "ይሄን ፕሮግራም አውርድ" የሚላችሁም ያው ነው፤ ያልታወቀ ፕሮግራም በሌላኛው ኮምፒውተራችሁ ላይ ጭናችሁ ሁለተኛ ችግር አትግዙ።

ቺፑን ለማንም ማስነካት

ጎበዝ ቴክኒሻን የባዮስ ቺፑን ፕሮግራመር በሚባል ቺፕ ማንበቢያና መጻፊያ መሣሪያ አንብቦ፣ አስተካክሎ መልሶ ሊጽፈው ይችላል። በሁሉም ሞዴል ላይ አይሆንም፤ የሚሆንበት ግን አለ። ከመስጠታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁት፦ "ወንድሜ፣ መጀመሪያ የራሱን ፋይል አንብበህ ታስቀምጣለህ?" የሚያውቅ ሰው "ሁለቴ አንብቤ አንድ መሆኑን አይቼ ነው የምጽፈው" ይላችኋል። "ችግር የለም፣ የሌላ ላፕቶፕ ፋይል አለኝ" ካለ ላፕቶፓችሁን አንሱ። የሌላ ማሽን ፋይል ሲጻፍበት ሲሪያል ቁጥሩና አብሮት የመጣው የዊንዶውስ ላይሰንስ ሊጠፉ ይችላሉ።

የቮልቴጁም ነገር አለ። በ1.8 ቮልት የሚሠሩ ቺፖች አሉ፤ ርካሹ ፕሮግራመር ግን ያለ መቀነሻ 3.3 ቮልት ወይም ከዚያ በላይ ነው የሚሰጠው። ቺፑ ሊቃጠል ይችላል። መብራቱንም አትርሱ። ፋይሉ ቺፑ ላይ እየተጻፈ ሳለ መብራት ከሄደና መጠባበቂያ ከሌለ ቺፑ ላይ የሚቀረው ግማሽ ፋይል ነው። የራሱን ፋይል አስቀምጦ የነበረ ሰው እንደገና ይጽፈዋል። ያላስቀመጠ ግን ማዘርቦርዱን ይዞ ይቀራል።

ወደ አዲስ አበባ የምትልኩ ከሆነ ዲስኩን አውጥታችሁ ላኩ። ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ነው፤ በመሀል በማን እጅ እንደሚያልፍ አታውቁም። ለዚህ ሥራ ዲስኩ አያስፈልግም።

ደረሰኙን መናቅ

አምራቾቹ ባለቤት መሆኑን ላረጋገጠ ሰው መንገድ አላቸው። መንገዱ ግን በወረቀት ነው የሚያልፈው። ዴል ላፕቶፑ ሆድ ላይ ያለውን ባለ 7 ፊደልና ቁጥር ሰርቪስ ታግ ጠይቆ፣ በማን ስም እንደተመዘገበ ያያል። ከሌላ ሰው የገዛችሁት ከሆነ የቀድሞው ባለቤት ስሙን እንዲያዛውርላችሁ መጠየቅ ይኖርባችኋል። ሌኖቮ ደግሞ ቲንክፓድ ላይ የተረሳ ሱፐርቫይዘር ፓስወርድን የማንሻ ዘዴ የለኝም ይላል። መልሱ ማዘርቦርድ መቀየር ነው፤ እሱም የግዢ ማስረጃ ታይቶ በክፍያ። ያገለገለ ቲንክፓድ ላይ ይሄ አያዋጣም፤ ሱፐርቫይዘሩን ተዉትና ተጠቀሙበት የምለውም ለዚህ ነው።

ማክ ከሆነ፣ ኢንቴል ቺፕ ያላቸው የፈርምዌር ፓስወርድ (የማክ የባዮስ ፓስወርድ በሉት) አላቸው። ራም ነካክቶ ማጥፋት የሚለው የድሮ ዘዴ ከ2011 እ.ኤ.አ. ወዲህ በተሠሩት ላይ አይሠራም። አፕል የሚለው፦ ማሽኑንና ዋናውን ደረሰኝ ይዛችሁ በአካል ኑ። አፕል ስቶር አገራችን ውስጥ ስለሌለ ብዙ ጊዜ ውጭ የሚሄድ ዘመድ መጠበቅ ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. ከኤም 1 ጀምሮ የመጡት የፈርምዌር ፓስወርድ የሚባል የላቸውም፤ የእነሱ ጣጣ የአፕል አካውንት ነው።

ዘመድ ከላከላችሁ ደረሰኙን በኢሜይል እንዲልክ ጠይቁት። ከመሥሪያ ቤት ጨረታ ከገዛችሁ ደግሞ ሰነዱን ይዛችሁ ወደዚያው መሥሪያ ቤት አይቲ ክፍል ሂዱ። ቀላሉ መንገድ ይሄ ሆኖ ሳለ ሰው የሚያስታውሰው መጨረሻ ላይ ነው። ብዙ አይቲ ክፍል ለሁሉም ማሽን አንድ ፓስወርድ ነው የሚያደርገው፤ ባለሙያው ቁጭ ብሎ በሁለት ደቂቃ ያነሳላችኋል። ላፕቶፑ የመሥሪያ ቤታችሁ ንብረት ከሆነማ ጭራሽ አትክፈቱት፤ ለአይቲ አስረክቡ።

ሳይፈትሹ መግዛት

ያገለገለ ላፕቶፕ ስትገዙ ስክሪኑን፣ ባትሪውን፣ ኪቦርዱን ታያላችሁ። ባዮሱንም እዩ። አጥፍታችሁ አብሩና ወዲያው ዴል ከሆነ ኤፍ 2ን፣ ኤችፒ ከሆነ ኤፍ 10ን፣ ቲንክፓድ ከሆነ ኤፍ 1ን ደጋግማችሁ ተጫኑ። ዝም ብሎ ከገባ ሴኩሪቲ የሚለው ገጽ ላይ ፓስወርድ መኖር አለመኖሩን አንብቡ፤ አንዳንዱ ለማየት ያስገባና ለመቀየር ይከለክላል። ፓስወርድ ከጠየቀ ሻጩ እዚያው ፊታችሁ አስገብቶ ያንሳው።

"እሱ ምንም አይደለም፣ ሁሉም እንዲሁ ነው" ብሎ ሻጩ ከመለሰላችሁ ሁለት ነገር ይሆናል። ወይ ፓስወርዱን አያውቀውም፣ ያኔ በዋጋው ላይ ትነጋገራላችሁ። ወይ ዕቃው ከየት እንደመጣ መናገር አይፈልግም፣ ያኔ ርካሽም ቢሆን ይቅርባችሁ። አነሳሁት ካለ ደግሞ በቃሉ አትመኑ። ላፕቶፑን ሙሉ በሙሉ አጥፉት፣ እንደገና አብሩት፣ ባዮስ ግቡ፣ ከዚያ ክፈሉ።