ጾም ሳይገደፍ፣ አሳማ ሳይነካ ቻይናን መዞር

ወደ ቻይና የሚሄድ ሰው ሲያገኘኝ የሚጠይቀኝ ሁሌ አንድ ነገር ነው፤ «እዚያ ምን እበላለሁ?» ሻንጣቸውን በድርቆሽና በቋንጣ ሞልተው የሚሄዱ አውቃለሁ። እኔም ለትምህርት ጓንጆ ስሄድ እናቴ ሦስት ኪሎ በሶ አስይዛኝ ነበር። በሶው በጣም ጠቅሞኛል። ግን ሁለት ዓመት ቆይቼ፣ ትምህርት በተዘጋ ቁጥር በባቡር ስዞር አንድ ነገር ገባኝ። ቻይና ሄዶ የሚበላ ያጣ ሰው ከተማ አልመረጠም ማለት ነው።

«የቻይና ምግብ» የሚባል አንድ ምግብ የለም። አንዱ ከተማ በበሬ ሥጋ ይታወቃል፣ ሌላው በበግ፣ ሌላው በቶፉ (ከአኩሪ አተር ወተት እንደ አይብ የሚረጋ ምግብ)። ስለዚህ መጀመሪያ የምትበሉትንና የማትበሉትን ለዩ። ትኬት የሚቆረጠው ከዚያ በኋላ ነው።

መጀመሪያ ቃላቱን ያዙ

«ሮው» ማለት ሥጋ ነው። ምግብ ዝርዝር ላይ «ሮው» ብቻ ከተባለ ግን አብዛኛውን ጊዜ የአሳማ ነው። የበሬ ሲሆን «ኒዮ ሮው»፣ የበግ ሲሆን «ያንግ ሮው» ተብሎ በስሙ ይጠራል። «ጁ ሮው» አሳማ ነው። «ጁ ዮው» ደግሞ የአሳማ ስብ ነው፤ ይቺኛዋን በተለይ አትርሷት።

እኔ የተማርኳት በመጀመሪያው ዓርብ ነው። ትምህርት ቤታችን አጠገብ ካለች ትንሽ ቤት ገብቼ ጎመን አዘዝኩ። ሥጋ እንዳይገባበት በእጄም በአፌም አስረዳሁ። ሴትዮዋ «ገባኝ፣ ገባኝ» አለችኝ። ጎመኑ አረንጓዴ ሆኖ፣ እያብረቀረቀ መጣ። ግማሹን በልቼ ሳለ አንድ የክፍሌ ልጅ ገባና አሽትቶ «ይሄ እኮ በአሳማ ስብ የተጠበሰ ነው» አለኝ። ቾፕስቲኩን አስቀመጥኩ። ሴትዮዋ ከእኔ ይልቅ ደነገጠች። ለእሷ ስብ ሥጋ አይደለም። ጎመኑ እንዲጥመኝ ብላ ነው የጨመረችው።

ከዚያ ወዲህ ይህን እላለሁ፦ «ዎ ቺ ሱ»። ሥጋ አልበላም፣ የጾም ነው የምበላው እንደማለት ነው። «ሱ» የሚለውን ቃል ከቡድሂስቶች ልማድ የተነሳ ሁሉም ያውቀዋል። ለእኛ ጾም ግን ብቻውን አይበቃም፤ እንቁላልና ወተት የሚያስገቡ አሉ። «ጂ ዳን ቡ ያው» (እንቁላል ይቅር)፣ «ጁ ዮው ቡ ያው» (የአሳማ ስብ ይቅር) ብላችሁ ጨምሩበት። ቻይንኛ በድምፅ አወጣጥ ትርጉሙ ስለሚቀያየር ቻይናዊ ወዳጅ በራሳቸው ፊደል ስልካችሁ ላይ ይጻፍላችሁ። ጽሑፉን ለአስተናጋጁ ሳይሆን ለምግብ ሠሪው አሳዩት። ብዙ የቡድሂስት ቤተ መቅደሶች ምሳ ይሸጣሉ። በጨረቃ አቆጣጠራቸው ወር በገባ በ1 እና በ15 ብዙ ሰው ከሥጋ ስለሚከለከል፣ በእነዚህ ቀናት የጾም ምግብ እንደ ልብ ነው።

ላንጆ፣ በጠዋት

ላንጆ በሰሜን ምዕራብ፣ ጋንሱ ክፍለ ሀገር፣ ቢጫው ወንዝ ዳር ያለች ከተማ ናት። የበሬ ሥጋ ኑድሏ በመላው ቻይና ይሸጣል፤ የአገሬው ሰው «ኒዮ ሮው ምየን» ይለዋል። የቁርስ ምግብ ስለሆነ በጠዋት ሂዱ። ስመ ጥር ከሆኑት ቤቶች ብዙዎቹ ከሰዓት በኋላ ይዘጋሉ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ሒሳብ ከፍላችሁ ወረቀት ትቀበላላችሁ። ወረቀቱን ይዛችሁ ወደ ኩሽናው መስኮት ትሄዳላችሁ። እዚያ ሊጥ ሳቢው ውፍረቱን ይጠይቃችኋል። «ማው ሺ» ካላችሁ እንደ ፀጉር የቀጠነ ነው። «ጂዮ ዬ» እንደ ቅጠል ጠፍጠፍ ይላል። «ዳ ኩዋን» እንደ ቀበቶ ሰፊ ነው። እኔ የምመክረው «አር ሺ»ን ነው፤ ወፈር ስለሚል መረቁ ውስጥ ቶሎ አይላላም። ከዚያ እጁን ተመልከቱ። ሊጡን ይስበዋል፣ ያጥፈዋል፣ ይስበዋል። በታጠፈ ቁጥር እጥፍ ነው፤ ሰባት ጊዜ ሲያጥፈው 128 ክር ይሆናል። ይህ ሁሉ ደቂቃ አይፈጅም።

ሳህኑ ሲመጣ አምስት ነገር እዩበት። መረቁ ኩልል ያለ፣ ፍጅሉ ነጭ፣ የበርበሬ ዘይቱ ቀይ፣ ድንብላል ቅጠሉ አረንጓዴ፣ ኑድሉ ቢጫ። ላንጆዎች አንድ ከጎደለ አልተሠራም ይላሉ።

ቤቶቹ በአብዛኛው የሙስሊሞች ናቸው። በር ላይ «ቺንግ ጀን» (ሐላል) የሚል ምልክት አላቸው፤ ቀድሞ ብዙ ጊዜ የዓረብኛ ጽሑፍም አብሮት ነበር። እዚህ «ሮው ጨምር» ብትሉ የሚመጣው በሬ ነው። አብሮኝ ይጓዝ የነበረው ሙስሊም ጓደኛዬ ላንጆ ሲደርስ ያየሁበትን እፎይታ አልረሳውም፤ በቀን ሦስት ጊዜ ሳይጠይቅ በላ። የሙስሊም ሥጋ የማትበሉ ክርስቲያኖች ግን ይህን አውቃችሁ ግቡ። ረቡዕና ዓርብ መረቁም የሥጋ ስለሆነ «ኒያንግ ፒ» ጠይቁ። ከስንዴ የተሠራ ቀዝቃዛ፣ ለስላሳ ነገር ነው፤ በርበሬ፣ አቼቶና ነጭ ሽንኩርት ይደረግበታል።

ሺያን ከላንጆ በፈጣን ባቡር ቅርብ ነው። እዚያ የበግ መረቅ በቂጣ ብሉ። ቂጣውን የሚፈተፍተው እንግዳው ራሱ ነው። እንደ ፍትፍት ትልልቅ አታድርጉት፤ ፍርፋሪው የአኩሪ አተር ፍሬ ያህል እስኪሆን ቆርሱት፣ ከዚያ ለኩሽናው መልሱ። ሲቹዋን ውስጥ ደግሞ የጨው ከተማዋ ዝጎንግ አለች። የጨው ውኃ ከጉድጓድ በበሬ ጉልበት ይወጣባት ስለነበር የበሬ ሥጋዋ የተለየ ነው። «ቱ» የተባለውን ብቻ ለዩት፤ ጥንቸል ነው፣ እሱንም ከተማዋ በጣም ትወዳለች።

ጂየንሹይ፣ ለጾም

የጾም ሰሞን ቻይና ውስጥ የት ልሁን ብትሉኝ ጂየንሹይ ነው የምላችሁ። ዩናን ውስጥ፣ ከኩንሚንግ ወደ ደቡብ በባቡር የሚደረስባት አሮጌ ከተማ ናት። የምሥራቅ በሯ የተሠራው በ1389 ነው።

መጀመሪያ ከአሮጌው ከተማ ወደ ምዕራብ ሂዱና ትልቁን የውኃ ጉድጓድ እዩ። ሰው አሁንም በባልዲ ይቀዳበታል። ቶፉው ከዚያ ውኃ ነው የሚሠራው። አጠገቡ ባሉት ቤቶች ሴቶች ረጅም ጠረጴዛ ከበው ተቀምጠዋል። የረጋውን ቶፉ በትንሽ በትንሹ ያነሳሉ፣ በእጅ መዳፍ በምታክል ጨርቅ ይጠቀልላሉ፣ ይፈቱታል፣ እንደገና ይጠቀልላሉ። ቆሜ ሳያቸው የሸማ ሠሪ እጅ ትዝ አለኝ። አንዷም እጇን አታይም።

ሲመሽ ወደ ጠባሾቹ ሂዱ። በከሰል ላይ የብረት ወንፊት ተዘርግቷል። ዙሪያውን በዱካ ይቀመጣሉ፤ ከማታውቁት ሰው ጋር ትከሻ ለትከሻ ነው። ቶፉዋ ትንሽ፣ አራት ማዕዘን ናት። ሙቀት ሲያገኛት እንደ ዳቦ ትነፋለች፣ ወርቅማ ትሆናለች። ሽታዋ ትንሽ የኮመጠጠ ነው፣ አይግፋችሁ። እንጀራም ያለ እርሾ አይሆንም። የምትቀቡት ዘይት «ጁ ዮው» ነው ወይ ብላችሁ መጠየቅ ብቻ አትርሱ።

ማጥቀሻው ሁለት ነው። ደረቁ የተፈጨ በርበሬና ጨው ነው፤ ሚጥሚጣ ለለመደ ሰው ቤቱ ገባ ማለት ነው። እርጥቡ ሶያ ሶስና ድንብላል ቅጠል አለበት። ቶፉዋን በቾፕስቲክ ለሁለት ክፈቷት፣ እንፋሎቷ ይውጣ፣ ከዚያ አጥቅሱ።

አሁን የጠባሿን ግራ እጅ ተመልከቱ። አንድ ቶፉ ባነሳችሁ ቁጥር አንድ የበቆሎ ፍሬ ከፊቷ ካለው ጎድጓዳ ሳህን ትጥላለች። ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ ቦታ አለው። ስምንት ሰው እያወራ፣ እየሳቀ፣ እያነሳ ይበላል፤ እሷ እየገለበጠች፣ ዘይት እየቀባች ትቆጥራለች። የእኔ ፍሬ 23 ደርሶ ነበር። እኔ ራሴ 20 ላይ ቆጠራው ጠፍቶብኝ ነበር፣ ግን አመንኳት። ሁሉም ያምናታል። ስትነሱ በፍሬው ልክ ትከፍላላችሁ።

ሻንቶው፣ ለፍስክ

ሥጋ ቤት ገብቶ ሻኛ ከታናሽ ለይቶ የሚያዝ ሰው ሻንቶውን ካላየ ይቆጨኛል። ከጓንጆ በፈጣን ባቡር ይኬዳል። በሬው የታረደበት ሰዓት የሚጠየቅበት ከተማ ነው። ሥጋው በረዶ ቤት አይገባም፤ ከታረደ በሰዓታት ውስጥ በስስ ተቆርጦ ጠረጴዛ ላይ ይቀርባል።

ብልቱን በስም እዘዙ። «ዲያው ሎንግ» የሽንጥ ወገን ነው። «ቦ ረን» ከአንገት የላይኛው ክፍል የሚወጣ፣ ጮማ የተሠራጨበት ነው፤ ሻኛችንን ያስታወሰኝ እሱ ነው። ፍሪምባውን በስብነቱ ይወዱታል፤ ሲበስል ቀርጨም ይላል።

ሥጋውን የምታበስሉት እናንተ ናችሁ፤ ጠረጴዛው ላይ መረቅ በድስት እየፈላ ይቀመጣል። መጀመሪያ ኩልል ያለውን መረቅ በስኒ ቅመሱ። የሥጋ ኳሶቹን ቀድማችሁ ክተቱ፤ በሁለት የብረት ዘንግ እየተወቀጡ የሚሠሩ ናቸው፣ ጥርስ ላይ ይነጥራሉ። ከዚያ ቀዩን ሥጋ በወንፊት ጭልፋ አድርጋችሁ ነከር፣ አውጣ፣ ነከር አድርጉ። አሥር ሰከንድ ይበቃዋል። ቀላ እንዳለ ቢወጣ አትፍሩ፤ ጥሬ ሥጋ የሚበላ አገር ልጅ ለዚህ አዲስ አይደለም። ፍሪምባውን ግን ደቂቃዎች አቆዩት። «ሻ ቻ» የሚባለው ማጥቀሻ የደረቀ ሽሪምፕ ስላለበት የማትበሉ በርበሬና ሶያ ሶስ ጠይቁ።

ሒሳብ የሚከፈለው በስልክ ነው። ዊቻት ወይም አሊፔይ የተባሉት የቻይና የስልክ መተግበሪያዎች ላይ የቪዛ ካርዳችሁን ከመሄዳችሁ በፊት አያይዙ፤ ትንሽ የገንዘብ ኖትም ኪስ ውስጥ ይኑር።

ከሥጋው በኋላ ሻይ ይመጣል። በአቅራቢያው ካሉት የቻውጆ ተራሮች የሚለቀም ነው፣ ስኒዎቹ ከእኛ ሲኒ ያንሳሉ። ያው ቅጠል ደጋግሞ ይቀዳል፤ እንደ አቦል፣ ቶናና በረካ ጣዕሙ እየተለወጠ ይሄዳል። ሲቀዱላችሁ አፋችሁ ሙሉ ከሆነ በሁለት ጣት ጠረጴዛውን መታ መታ አድርጉ። እናመሰግናለን ማለት ነው።