የብስክሌት ፎቶ ካገኛችሁ ጀርባውን እዩ
ደብረ ብርሃንም ሆነ መሐል ሜዳ ዘመድ ጥየቃ ስትሄዱ፣ ከብስክሌት ጋር ስቱዲዮ የተነሱ የድሮ ጥቁርና ነጭ ፎቶዎች ካጋጠሟችሁ መጀመሪያ ገልብጧቸው። የፎቶ ቤቱ ማህተም፣ ዓመተ ምሕረት ወይም «ለማስታወሻ» የሚል ጽሑፍ ሊኖር ይችላል። ማህተም ከሌለው ከሌሎች ጋር አስተያዩት። ብስክሌቱ የስቱዲዮው ንብረት ሊሆን ይችላላ! ያው ፋኖስ፣ ያው ደወል፣ ከኋላ ያው የተሳለ መጋረጃ ሌላ ሰው ፎቶ ላይ ከታየ፣ ፎቶ ቤቱ አንድ መሆኑን ጠርጥሩ። ለእኔ ዋናው ደስታ ይሄ ፍለጋ ነው።

አልበም ላይ በሙጫ የተለጠፈውን ግን እንዳትልጡት። ገጹን እንዳለ መስኮት ዳር፣ ያለ ፍላሽ በስልክ አንሱት። ላሚኔት ማድረግማ ጭራሽ አይታሰብም። እማማ የነገሯችሁን ስም ጀርባው ላይ በለስላሳ እርሳስ፣ ሳትጫኑ ጻፉ። እስኪርቢቶ ፊቱን ያበላሻል።