ስለ ራዳርና ሬዲዮ ሞገድ የቆዩ ጥናቶችን ስታነቡ የምትሳሳቱት እዚህ ላይ ነው

ቴሌግራም ላይ የድሮ ጥናት ስክሪንሾት ሲዞር ታያላችሁ። አንዱ "ይገድላል" ይላል፣ ሌላው ያንኑ ይዞ "ምንም አያደርግም" ይላል። ሁለቱም ቸኩለዋል። (ዓመቶቹ በፈረንጆች ናቸው።)

ጨረር ሁሉ አንድ አይደለም። ጥፋቱ በከፊል የቋንቋችን ነው፤ ራጁንም ሬዲዮውንም ጨረር እንላለን። የሬዲዮ ሞገድ ግን እንደ ራጅ ከአተም ላይ ኤሌክትሮን የሚነቅልበት አቅም የለውም፣ በደንብ የሚታወቅለት ሥራ ማሞቅ ነው። በ1920ዎቹ መጨረሻ ኒው ዮርክ ውስጥ፣ የጄኔራል ኤሌክትሪክ ላብራቶሪ አጭር ሞገድ ማሰራጫ አጠገብ የሚሠሩ ሰዎች ሰውነታቸው ይግል ጀመር። ኃላፊው ዊሊስ ዊትኒ ግን አልደነገጠም። ያኔ የቂጥኝ በሽተኛን ወባ አስይዞ በትኩሳት ማከም የተለመደ ነበርና፣ ትኩሳቱን በማሽን ብናመጣውስ አለ። የሥራ ቦታ ችግር የነበረው ነገር መድኃኒት ሆኖ አረፈ!

ሌላም ጣጣ አለ። የድሮ ራዳር ከፍተኛ ቮልቴጅ ያለባቸው ቱቦዎች ራሳቸው ራጅ ያወጣሉ። ክዳኑን ከፍቶ ሲጠግን የኖረ ቴክኒሻን ቢታመም፣ ያሳመመው የትኛው ነው?

"አልተገኘም" ሲባል "የለም" ብላችሁ አትተርጉሙት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ራዳር ያመክናል፣ ፀጉር ያረግፋል የሚል ወሬ ነበር። በ1943 የታተመ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ምርመራ ምንም አላገኘም፤ ግን የታዩት ሰዎች ጥቂት ናቸው፣ ጊዜውም አጭር። በ1948 ውሾችና ጥንቸሎች ላይ ማይክሮዌቭ (ራዳር የሚሠራበት ዓይነት የሬዲዮ ሞገድ) የዓይን ሞራ እንደሚያመጣ ታየ። የዓይን ሌንስ ሙቀቱን ጠርጎ የሚወስድለት የደም ሥር የለውም፣ ስለዚህ ቶሎ ይጎዳል። በ1952 ደግሞ ሁለቱም ዓይኑ ሞራ የያዘበት የማይክሮዌቭ ቴክኒሻን ሪፖርት ወጣ። አንድ ሰው ግን አንድ ሰው ነው፤ እሱን ይዞ ስለ ሁሉም መደምደም ያው የተገላቢጦሽ ስህተት ነው።

የደኅንነት ገደብንም እንደ ማስረጃ አትቁጠሩ። በዚያ ዘመን አሜሪካኖቹ በካሬ ሴንቲሜትር 10 ሚሊዋት አሉ፣ ሶቪየቶች ደግሞ 10 ማይክሮዋት፤ የሺህ እጥፍ ልዩነት! የአሜሪካው መነሻ ሰውነት ምን ያህል ሙቀት ማስወገድ ይችላል የሚል ስሌት ነው። ሶቪየቶቹ ሠራተኞች የሚያማርሩትን ራስ ምታት፣ ድካምና እንቅልፍ ማጣት ቆጠሩ። ግን ያ ሠራተኛ ጫጫታና ሙቀት ባለበት ክፍል ነው የሚውለው፣ እሱን ከምን ለዩት?

የመጨረሻው፣ ብዙ ሰው የሚያልፈው፦ "የተጋለጠ" የተባለው ማን እንደሆነ አለማየት። በ1980 የታተመው ትልቁ ጥናት በኮሪያ ጦርነት ዘመን ያገለገሉ 40 ሺህ ያህል የአሜሪካ መርከበኞችን ተከታትሎ በሞት ረገድ ግልጽ ልዩነት አላገኘም። ቁጥሩ ያስደምማል። ነገር ግን እያንዳንዱ ሰው ምን ያህል እንደተጋለጠ የሚለካ መሣሪያ ኪሱ ውስጥ አልነበረም፣ የተመደቡት በሥራ መደባቸው ነው። "ብዙ የተጋለጡ" የተባሉት መሣሪያዎቹን የሚጠግኑት ናቸው። ዋናው ንጽጽር ላይ "ጥቂት የተጋለጡ" ተብለው ከፊት ለፊታቸው የቆሙትስ? በአብዛኛው የዚያው የራዳርና የሬዲዮ ኦፕሬተሮች።