የጀልባ ወለል ሲሰረጉድ፦ ምልክቱ፣ መነሻው፣ መፍትሄው

ከዘጌ ይሁን ከጎርጎራ፣ ከጣና ዳር ስልክ የሚደውልልኝ ባለ ፋይበር ግላስ ጀልባ አብዛኛውን ጊዜ የሚነግረኝ ያንኑ ነው። «ወለሉ ሲረገጥ ይሰረጉዳል።» ቀጥሎ የሚጠይቀኝም ያው ነው። «ከላይ አንድ ኮምፔንሳቶ ብመታበትስ?»

አይሆንም። ይህን ብልሽት እዚሁ ባሕር ዳር፣ ግቢዬ ውስጥ፣ ደጋግሜ ፈትቼ ሠርቼዋለሁ። ከላይ ሌላ ከተመታበት ወለል ሥር ደህና እንጨት ያገኘሁበት ቀን የለም። ውታፉ (ከጀልባው ውሃ የሚወጣበት ቀዳዳ መድፈኛ) መዘጋቱን፣ ቀፎው (የጀልባው ውጨኛ አካል) ከውጭ አለመሰንጠቁን አስቀድማችሁ አይታችኋል ብዬ ነው የምነሳው።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙትን ቶሎ ልናገራቸው።

ሞተሩ ሲነሳ የኋላው ግድግዳ አብሮ ከተነቃነቀ፦ ሞተሩ የታሰረበት እንጨት በስብሷል። ሞተሩን አውርዱና ሥራ አቁሙ። አሠራሩ ከታች እንደምነግራችሁ ነው፤ እንጨቱ ብቻ ይወፍራል።

ቀለሙ ላይ የሸረሪት ድር የመሰለ ስንጥቅ፦ ላይ ላዩን ብቻ ከሆነ ግራይንደር አታንሱ። አንድ ቦታ ላይ ከተሰበሰበ ግን ከውስጥ በኩል የሚገፋው ጠንካራ ነገር አለ።

ሆዱ ላይ ውሃ የቋጠረ እብጠት፦ ፈርጡት፣ በደንብ አድርቁት፣ ድፈኑት።

ጀልባው ባዶውን ሆኖ ከወትሮው ዝቅ ብሎ ከተንሳፈፈ፦ ከወለሉ በታች ያለው ፎም ውሃ ጠጥቷል። 1 ሜትር ኩብ ውሃ 1,000 ኪሎ ይመዝናል። ግማሹን እንኳ ከጠጣ፣ ሳታውቁት ብዙ ሰው የሚያክል ክብደት ይዛችሁ ነው ደብረ ማርያም ደሴት የምትመላለሱት። ፎሙ የጠጣውን አይመልስም፤ ወጥቶ ይቀየራል። አንድ ልጅ ፎሙን ጥሎ በምትኩ የፍራሽ ስፖንጅ ጠቅጥቆ አግኝቻለሁ። ስፖንጅ ውሃ የሚጠጣ ነገር ነው! ሌላው የቴሌቪዥን ካርቶን ውስጥ ያለውን ነጭ ፎም ከትቶ ሬዚን (ፋይበሩን የሚያጣብቀውን ፈሳሽ) አፈሰሰበት። የፖሊስተር ሬዚን ያንን ፎም ያቀልጠዋል፤ ወለሉ ሥር ባዶ ጉድጓድ ብቻ ቀረ። ቦታውን ባዶ መተውም አይገባም። ጀልባው ውሃ ቢሞላ ሰው ይዞ የሚያንሳፍፈው እሱ ነው። ውሃ የማይጠጣ ፎም ካጣችሁ፣ ክዳናቸው በደንብ የጠበቀ ባዶ ባለ 2 ሊትር የፕላስቲክ ጠርሙሶች ደርድራችሁ እሰሩ። እያንዳንዱ ወደ 2 ኪሎ ያህል ያነሳል።

አሁን ወደ ዋናው።

ምልክት፦ ወለሉ ይሰረጉዳል

መጀመሪያ የሚለሰልሰው መቀመጫ አካባቢ ወይም ሰው ከወደብ ዘሎ የሚገባበት ቦታ ነው። የሻጋታ ሽታ አለው። በ1 ብር ሳንቲም መታ መታ አድርጉት። ደህናው ቦታ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የበሰበሰው ዱብ ይላል። ካልተማመናችሁ በትራፓኖ 5 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ብሱ። ነጭና ደረቅ ብናኝ ከወጣ ደግ ነው። ቡናማና እርጥብ ከሆነ ግን እንጨቱ አልቋል። ወለሉን ስትበሱ እጃችሁን ያዙ፤ ቀፎው ከሥሩ ቅርብ ነው።

መነሻው፦ ፋይበር ግላስ አይበሰብስም። የሚበሰብሰው በፋይበሩ መሀል የተቀበረው ኮምፔንሳቶ፣ ከእሱም ሥር ያለው ተሸካሚ እንጨት ነው። ብዙ ሰው ውሃው ከሐይቁ የሚገባ ይመስለዋል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ከላይ ነው የሚገባው።

ከዘጌ የመጡ አንድ አባት ነበሩ። ጀልባቸው ቡናና ሰው ያመላልሳል። ሆዱን ከውጭ ሦስት ጊዜ አስለጥፈውታል። «ልጄ፣ ሐይቁ እየገባብኝ ነው» አሉኝ። «አባቴ፣ ግቢዬ ይተዉልኝና አንድ ዝናብ ልየው» አልኳቸው። ሰኔ ነበር። ጀልባው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አደረ፤ ሌሊቱን ዘነበ። ጠዋት ውታፉን ስነቅለው ሻይ የመሰለ ውሃ ወረደ። ሐይቁ ደግሞ ሩቅ ነው። ውሃው የገባው መቀመጫዎቹ በታሰሩባቸው ብሎኖች ቀዳዳ ነበር። ስምንት ብሎን፣ አንዱም አልታሸገም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንጨት የሚያበሰብሰው ፈንገስ ነው። ፈንገስ ውሃም አየርም ሙቀትም ይፈልጋል። ሁልጊዜ ውሃ ውስጥ የተዘፈቀ እንጨት አየር ስለማያገኝ ዕድሜው ይረዝማል። አንዴ እየራሰ አንዴ እየተነፈሰ የሚኖረው ነው ቶሎ የሚያልቀው። የባሕር ጨው ፈንገሱን ያዳክመዋል። የጣና ውሃና የክረምቱ ዝናብ ግን ጨው የላቸውም። የደንገል ታንኳ ያላቸው ሰዎች ውሃ እንደሚጠጣ ስለሚያውቁ ከሥራ በኋላ አውጥተው ያደርቁታል። እኛ ስንት ብር ያወጣንበትን ጀልባ ክረምቱን ሙሉ ያለ ሸራ እንተወዋለን። ይህ ያናድደኛል።

መፍትሄ፦ መቼ እንደምትጀምሩ ወስኑ። ዝናቡ ጥቅምት ላይ ሲያቆም ጀምሩ፤ ግንቦት ሳያልቅ ጨርሱ። ክረምት ላይ አትንኩት። እርጥብ እንጨት ላይ ሬዚን አይይዝም።

ከመቁረጣችሁ በፊት ቀፎውን በውሃ ልክ አስተካክሉ። ሁለት ቦታ ሳይሆን ብዙ ቦታ ላይ ደግፉት። የጎኖቹን ስፋት ከፊት፣ ከመሀል፣ ከኋላ ለክታችሁ ጻፉ። ከጠርዝ ጠርዝ ሞራሌ አጋድማችሁ እሰሩ። ይህን ያላደረገ አንድ ወዳጄ ወለሉንም ተሸካሚዎቹንም በአንድ ቀን አወጣ። ቀፎው እንደ እርጥብ ካርቶን ተለጠጠ። አዲሱን ወለል በተጣመመው ቀፎ ላይ አሰረው፤ ጀልባው እስከ ዛሬ መሪው ሲለቀቅ ወደ ግራ ይሄዳል። ተሸካሚዎቹን አንድ በአንድ አውጡ። አንዱን ስትተኩ ሌላው ቅርጹን ይዞ ይቆይ።

ወለሉን ስትቆርጡ ከግድግዳው 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ጠርዝ አስቀሩ። በኋላ በግራይንደር ታሳሱታላችሁ። ምላጩ ጠልቆ እንዳይገባ፤ ሁለት ጀልባ ሆዱ በግራይንደር ተቀዶ መጥቶልኛል። የበሰበሰውን ተከተሉት፤ ደህና እንጨት ስታገኙ አንድ ስንዝር አልፋችሁ ቁረጡ። «ይህችኛዋ ትንሽ ብቻ ናት የለሰለሰችው» ብላችሁ የተዋችኋት ናት ከሁለት ክረምት በኋላ ሁሉንም የምታስፈታችሁ።

ስለ ብናኙ በጣም አስጠነቅቃለሁ። የፋይበር ግላስ ብናኝ ሳንባ ውስጥ ይገባል፣ ቆዳ ያሳክካል። ደህና ጭምብል፣ መነጽር፣ ረጅም እጅጌ። ጨርቅ አፍ ላይ ማሰር ጭምብል አይደለም። ጎረቤት ጤፍ ካሰጣች ወይም ልብስ ካጠበች ቀን ቀይሩ። ልጆችን ከግቢ አስወጡ። ስትጨርሱ በቀዝቃዛ ውሃ ታጠቡ። ብናኙን ጠርጋችሁ ሐይቁ ዳር እንዳትጥሉት፤ ዓሣውን እኛው ነን የምንበላው።

ቀፎው ባዶ ከሆነ በኋላ ይድረቅ። የታኅሣሥና የጥር ፀሐይ ጥሩ ነው። ማታ አንድ ቁራጭ ላስቲክ ዙሪያውን በፕላስተር ለጥፉበት። ጠዋት ከሥሩ ጠል ካለ ገና ነው።

እንጨቱ ላይ አትሰስቱ። ችፑድ እንዳታስገቡ። እርጥበት ሲያገኝ እንደ ራሰ ዳቦ ያብጣል። አንድ ባለ ጀልባ ችፑድ አስገብቶ በመጀመሪያው ክረምት በእጄ እየፈረፈርኩ አወጣሁለት። ርጥብ ባሕር ዛፍም አይሁን፤ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። ለወለል 12 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ይበቃል፤ ግን ሙጫው ውሃ የሚችል ይሁን። ሻጩ የሚላችሁን አትመኑ። ቁራጭ ወስዳችሁ ለብዙ ሰዓት ቀቅሉት። ንብርብሩ ከተላቀቀ ሙሉውን አትግዙ። አንድ ሱቅ «የውሃ ነው» ብሎ የሸጠልኝ ድስት ውስጥ እንደ መጽሐፍ ገጽ ገጽ ሆኗል።

እንጨቱን የተቃጠለ ዘይት ወይም ካትራሜ አትቀቡት። ለአጥር ቋሚ ይጠቅም ይሆናል። ለጀልባ ግን ሬዚኑን የሚያስለቅቅ ጠላት ነው። ካትራሜ የነካው ቀፎ ካጋጠማችሁ ንጹሑ ፋይበር እስኪታይ ድረስ መፋቅ ነው፤ አቋራጭ የለውም። ሲሊኮንም እንዲሁ ነው። በወለሉ ሥር ሲሚንቶ ያፈሰሰም አይቻለሁ። እባካችሁ፣ ሰው የሚጭን ጀልባ ነው።

ተሸካሚዎቹን በአሮጌዎቹ ልክ ቁረጡ። ቀፎው ላይ በቀጥታ አታስደግፉ፤ ወፍራም የሬዚን ልቁጥ (እንደ ሊጥ የወፈረ ሬዚን) አድርጋችሁበት አስቀምጡ። እንጨትና ቀፎ የሚገናኙበትን ማዕዘን በዚያው ልቁጥ በጣታችሁ አለዝቡ። ማት (የፋይበር ግላስ ጨርቅ) ሹል ማዕዘን ላይ አይታጠፍም፤ ከሥሩ አየር ይይዛል። ከዚያ ቢያንስ ሁለት ድርብ ማት፣ የመጀመሪያው 10 ሴንቲ ሜትር፣ ሁለተኛው 15 ሴንቲ ሜትር ቀፎው ላይ እንዲወጣ አድርጉ። የሚነካውን ቦታ ሁሉ አስቀድማችሁ በ40 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ሻካራ አድርጉት። የሚያብለጨልጭ ቦታ ከቀረ አይይዝም።

በተሸካሚዎቹ ታችኛ ጫፍ ውሃ ማለፊያ ቀዳዳ መተው አትርሱ። የቀዳዳውን ውስጥም ሬዚን ቀቡት። ይህ ከተረሳ ውሃው ወደ ውታፉ መድረሻ አጥቶ እዚያው ይተኛል።

ኮምፔንሳቶውን ከመግጠማችሁ በፊት ታችኛውን ገጽና ጠርዙን መጠጣት እስኪያቆም ቀቡት። ጠርዙ እንደ ጭድ ነው፣ ይመጥጣል። ከላይ የሚታየውን አሳምረው ታችኛውን ደረቅ የሚተዉ ባለሙያዎች አሉ። ደንበኛው አያየውማ!

የብሎኖቹ ቀዳዳ ላይ ስትደርሱ ቀስ በሉ። ከብሎኑ ሰፋ ያለ ቀዳዳ ብሱ። ከሥር ፕላስተር ለጥፉና በሬዚን ልቁጥ ሙሉት። ሲደርቅ መሀሉን በብሎኑ ልክ ብሱት። አሁን ብሎኑ የሚያልፈው በሬዚን ውስጥ ነው፤ እንጨቱን አይነካም። ማሸጊያ ለቅቆ ውሃ ቢገባ እንኳ የሚበሰብስ ነገር አያገኝም። ይህን ለእያንዳንዱ ቀዳዳ አድርጉ። ለመሪው፣ ለመቀመጫው፣ ለነዳጅ ጋን ማሰሪያው፣ ለአንዲት ሚስማር እንኳ።

ምልክት፦ ሬዚኑ አልደርቅ አለ

ላዩ ብቻ ካጣበቀ አትደንግጡ። ሰም የሌለው ፖሊስተር አየር ያገኘው ገጽ ያጣብቃል፤ የሚቀጥለው ድርብ ይይዝበታል። ጥፍራችሁን ስትጫኑ እስከ ውስጥ ከገባ ግን ሃርድነሩ (ሬዚኑን የሚያደርቀው ቅመም) አንሷል ወይም አርጅቷል። በላዩ ሌላ አትደርቡበት፤ ሁሉም ይፋቃል። ለ1 ኪሎ ሬዚን ከ10 እስከ 20 ግራም ሃርድነር ነው። በዓይን አትገምቱ፤ በሚዛን ለኩ። 450 ግራም የሚባለው ማት ለ1 ካሬ ሜትር 1 ኪሎ ገደማ ሬዚን ይፈልጋል። ማለዳ ሲበርድም አይደርቅም፤ ከጠዋቱ 4 ሰዓት በፊት አልጀምርም።

ምልክት፦ ሬዚኑ ጆግ ውስጥ ጨሰ

ብዙ አንድ ላይ ለውሳችኋል፣ ወይም በእኩለ ቀን ፀሐይ ላይ ናችሁ። ከግማሽ ኪሎ አታብልጡ፤ ከጆግ ይልቅ ዝርግ ሳህን ይሻላል። በመጋቢት ሙቀት ከጥላ አትውጡ። የጨሰውን ሜዳ ላይ አውጡት፤ ቤት ውስጥ እንዳትተዉት።

ሃርድነር ዓይን ያሳውራል። ከነካ ወዲያው ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በብዙ ውሃ ታጥቦ ሐኪም ቤት። ሃርድነርን ከአሴቶን ጋር አትቀላቅሉ። ሬዚን ማፍጠኛውንና ሃርድነሩን ለብቻቸው አታገናኙ፤ ይፈነዳሉ። ቡና የሚፈላበት ከሰል አጠገብ አትለውሱ። አንድ ቀን የሠራተኛዬ እህት ቡና ይዛልን መጣች፤ ማንደጃው ከአሴቶን ጠርሙሱ ሁለት እርምጃ ነበር። ሳይ እግሬ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ወዲህ ቡና ከአጥር ውጭ ነው።

ኢፖክሲ የሚባለውን ሌላ ዓይነት ሬዚን ካገኛችሁ አሮጌው ፖሊስተር ላይ ከፖሊስተር የተሻለ ይይዛል። የደረቀ ኢፖክሲ ላይ ግን ፖሊስተር በደንብ አይይዝም። በአንዱ ከጀመራችሁ በእሱ ጨርሱ።

ጀልባውን ውሃ ላይ ሳትመልሱት፣ እዚያው ድንጋዩ ላይ እንዳለ፣ ጥቂት ባልዲ ውሃ ወለሉ ላይ አፍስሱና አሳድሩት። ጠዋት ውታፉን ንቀሉ። ውሃው በታሰበው መንገድ ብቻ መውረድ አለበት። ከዚያ ሲቆም አፍንጫውን ከፍ አድርጉ፣ ውታፉን አውጡ፣ ሸራውን አየር በሚያስገባ መልኩ ወጥሩ። ከአንድ ክረምት በኋላ መቀመጫው አጠገብ ያችን 5 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ብሱ። የዘጌው አባት ጀልባ ላይ ከሁለት ክረምት በኋላ ስበሳ ነጭ ብናኝ ወጣ፤ አባቱ በመዳፋቸው ተቀብለው አሸተቱት። ቀዳዳዋን በሬዚን ደፈንኳትና በዚያው ቀን ወደ ውሃው ገፋነው።