ለወዳጅ ብሉግራስ ስታሰሙ እንዲህ አታድርጉ

አንድ ቅዳሜ ጓደኛዬን ይዤ ከቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ ወደ ሸናንዶዋ ተራሮች እየነዳሁ ነበር። መንገዱ ረጅም ነው፣ ሙዚቃ ያስፈልገዋል። ብሉግራስ ማለት ያለ ከበሮ በክር መሣሪያዎች የሚጫወቱት የአሜሪካ ሙዚቃ ነው፤ የመሥራቹን የቢል መንሮን በ1946 (እ.ኤ.አ.) የተቀዱ ዘፈኖች ከፈትኩለት። ሦስተኛው ላይ ስንደርስ፣ «ወንድሜ፣ ይሄ ሰውዬ በስንት ፍጥነት ነው የሚሄደው? ፖሊስ ያስቆመናል» አለና ዘጋው። ጥፋቱ የኔ ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው አስለምጃለሁ፤ ብዙም ተሳስቻለሁ።

«ከሥሩ እንጀምር» ማለት

ይሄ የአዋቂዎች በሽታ ነው። ታሪኩ በርግጥ ደስ ይላል። ቢል መንሮ የኬንታኪ ልጅ ነው። ታላላቆቹ ፊድሉን (ቫዮሊኑን) እና ጊታሩን ስለወሰዱበት ለሱ የተረፈችው ትንሿ የክር መሣሪያ፣ ማንዶሊን ነበረች። ባንዱን በክልሉ ቅጽል ስም «ብሉ ግራስ ቦይስ» አለው፤ የሙዚቃው ስም የመጣው ከዚያ ነው። በ1945 መጨረሻ ኧርል ስክራግስ ባንጆውን (ቆዳ የተወጠረበትን የክር መሣሪያ) በሦስት ጣት እየመታ ሲቀላቀለው ነገሩ መልክ ያዘ።

ግን ቅጂዎቹ የ1940ዎቹ ናቸው። ድምፁ ቀጭን፣ የመንሮ አዘፋፈን ሰማይ የሚነካ ነው። ያልለመደ ጆሮ ይደነግጣል። ለሀበሻ የተሻለ በር አለ፤ ዶሊ ፓርተን። እሷንና ኬኒ ሮጀርስን ሳይሰማ ያደገ የከተማ ልጅ ጥቂት ነው። ዶሊ በ1999 ሙሉ የብሉግራስ አልበም አውጥታ ግራሚ ወስዳበታለች። ድምፁን ያውቁታል፣ አጃቢው ብቻ አዲስ ይሆንባቸዋል። መንሮ ከዚያ በኋላ ይመጣል፣ የትም አይሄድም።

«ያው ካንትሪ ነው» ብሎ መሸጥ

እንደዚያ ካላችሁት ሰውየው ከበሮና ኤሌክትሪክ ጊታር ይጠብቃል። በባህላዊው ብሉግራስ ሁለቱም የሉም። ባንጆ፣ ማንዶሊን፣ ፊድል፣ ጊታር፣ ቤዝ፣ አንዳንዴ ዶብሮ፤ በቃ። ታዲያ ምቱን ማን ይይዛል? ማንዶሊኑን እዩት። ተጫዋቹ ክሮቹን በቀኝ እጁ መትቶ ወዲያው የግራ ጣቶቹን ላላ ያደርጋል። ድምፁ ሳይሰፋ «ጭክ» ብሎ ይቆረጣል። ቤዙ «ዱም» ሲል ማንዶሊኑ «ጭክ» ይላል። ይህን አንዴ ካሳያችኋቸው ከበሮውን የሚጠይቅ የለም።

በፍጥነት ለማስደነቅ መሞከር

የመኪናው ስህተቴ ግማሹ ይሄ ነው። የባንጆ እሩምታ ለሁለት ደቂቃ ያስገርማል፣ በአምስተኛው ራስ ያማል። ቀስ ያሉትን አስቀድሙ። በተለይ መዝሙር የሚወድ ሰው ካጋጠማችሁ ራልፍ ስታንሊን አሰሙት። የቨርጂኒያ ተራራ ሰው ነው፤ አዘፋፈኑ መሣሪያ ከማይገባበት ከአሮጌዎቹ የባፕቲስት ቤተክርስቲያኖች የመጣ ነው። በ2000 በወጣ አንድ ፊልም ውስጥ ሞትን «ማረኝ» እያለ እየለመነ ያለምንም መሣሪያ ብቻውን ዘፍኗል። ቋንቋው ያልገባት አክስቴ ሰምታ «ይሄ ሽማግሌ ማን ሞቶበት ነው?» ብላኛለች።

«አዲሱ ብሉግራስ አይደለም» እያሉ መከራከር

እንግዳ ፊት ይህን ጠብ የሚያነሳ ሰው አያድርስ። መንሮም በዘመኑ አዲስ ነገር ያመጣ ሰው ነበር።

እዚሁ ዋሽንግተን አካባቢ በ1971 ሴልደም ሲን የሚባል ባንድ ተመሠረተ። አባላቱ እንጀራቸው ሌላ ነበር፤ አንዱ ሐኪም፣ አንዱ የሒሳብ ባለሙያ፣ አንዱ ካርታ ሠሪ። በየሳምንቱ አንድ ማታ እየተገናኙ ይጫወቱ ነበር። ስሙም «ብዙ የማይታዩ» እንደማለት ነው። ሁለት ሥራ ለሚሠራ የዲሲ ሀበሻ ይህን ብቻ መንገር ይበቃል፤ ወዲያው ይወዳቸዋል። ድምፃቸው ለስላሳ፣ የከተማ ነው።

ሮክ የሚወድ ወጣት ከሆነ በቀጥታ ወደ ቢሊ ስትሪንግስ። በጊታር የሚደመም ከሆነ ቶኒ ራይስ የተጫወተበትን የጄ ዲ ክሮውን የ1975 አልበም፣ ከዚያ ሞሊ ተትልን። በ2017 በብሉግራሱ ዓለም የዓመቱ ምርጥ ጊታር ተጫዋች ስትባል የመጀመሪያዋ ሴት ነበረች። የድሮው ናፋቂ ቢያኮርፍ፣ ያኩርፍ።

«የነጭ ገበሬ ሙዚቃ» ለሚል ዝም ማለት

ዝም አትበሉ። ባንጆ በባርነት የተጋዙ አፍሪካውያን የምዕራብ አፍሪካን የክር መሣሪያዎች መነሻ አድርገው ከቅልና ከቆዳ የሠሩት ነው። የሴኔጋልና የጋምቢያ የጆላ ሕዝቦች አኮንቲንግ የሚባለውን የክር መሣሪያቸውን ሲመቱ ያየ ሰው ዝምድናውን አያጣውም። ቢል መንሮ ራሱ በልጅነቱ አርኖልድ ሹልዝ ከሚባል ጥቁር ጊታሪስት ጋር በጭፈራ ዝግጅቶች ላይ ተጫውቷል፤ እንደተማረበትም ተናግሯል።

አርባ ዘፈን መላክ

ማንም አይከፍተውም። አንድ ላኩ። ለዚያ ለመኪናው ጓደኛዬ ከወራት በኋላ የላክሁት አንድ የአሊሰን ክራውስ ዘፈን ነበር፤ ቀስ ያለ። ስለ ዘፋኟ ምንም አላለም። «ከኋላ የምታለቅሰው ጊታር ምንድን ናት?» ብሎ ጻፈልኝ። ዶብሮ ናት፤ ጭን ላይ ተጋድማ፣ ክሮቿ ላይ ብረት እየተንሸራተተ ነው የምትጫወተው። ተጫዋቹ ጄሪ ዳግላስ ይባላል። ቀጥሎ የላክሁለት የእሱን ነው።