የውጭ አገር መንጃ ፈቃድን በሚኖሩበት አገር መንጃ መቀየር፦ አካሄዱና ወጪው

ለኑሮ ሌላ አገር ሲገቡ በእጅዎ ያለው መንጃ ፈቃድ የሚያገለግለው ለተወሰነ ጊዜ ብቻ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቀኑን ሲቆጥር ነው። ካርዱ ላይ የታተመው የማብቂያ ቀን ገና ሩቅ ቢሆንም፣ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የወጣ መንጃ ጀርመን ውስጥ ነዋሪ ከሆኑ ከ6 ወር፣ ብሪታንያ ውስጥ ደግሞ ከ12 ወር በኋላ አያስነዳም።

ሥራው የሚጀምረው ከመነሳትዎ በፊት ነው። መንጃውን ከሰጠው መሥሪያ ቤት፣ መጀመሪያ የወጣበትን ቀንና ምድቡን የሚገልጽ ማረጋገጫ ደብዳቤ ያውጡ። ካርዱ የመጨረሻውን እድሳት ቀን ብቻ ከያዘ፣ የአሥር ዓመት ነጂ ሆነው ሳለ እንደ ጀማሪ ሊቆጠሩ ይችላሉ። የመድን ድርጅትዎንም አደጋ አለማድረስዎን የሚመሰክር ደብዳቤ ይጠይቁ። ያረጀ ፓስፖርትዎን አይጣሉት፤ ጃፓን መንጃ ስትቀይር፣ መንጃውን ካወጡ በኋላ በሰጠው አገር ቢያንስ 3 ወር መኖርዎን እንዲያሳዩ ትጠይቃለች፤ የሚመሰክርልዎ የመግቢያና መውጫ ማኅተሙ ነው።

ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ የሚባለው የመንጃዎ ትርጉም ነው፤ ዋናው መንጃ አብሮት ከሌለ አይሠራም። የሚወጣውም መንጃው በተሰጠበት አገር ነው። በ1949 የጄኔቫ ስምምነት የሚሰጠው ለ1 ዓመት፣ በ1968ቱ የቪየና ስምምነት የሚሰጠው እስከ 3 ዓመት ያገለግላል። ጃፓን የምትቀበለው የ1949ኙን ብቻ ስለሆነ፣ የሚሄዱበት አገር የትኛውን እንደሚቀበል አስቀድመው ያጣሩ።

እንደደረሱ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ መንጃዬ ያለ ፈተና ይቀየራል ወይስ አይቀየርም? በሁለቱ አገሮች መካከል ስምምነት ካለ ማመልከቻ፣ ፎቶ፣ የመኖሪያ ፈቃድና የዓይን ምርመራ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። ከሌለ የጽሑፍና የተግባር ፈተና ይጠብቅዎታል። ብዙ ቦታ በአውቶማቲክ መኪና የተፈተነ ሰው ማርሽ ያለው መኪና መንዳት አይፈቀድለትም፤ ስለዚህ መኪናውን አስበው ይምረጡ። የመንጃዎን ትርጉም መንጃ የሚሰጠው ባለሥልጣን በሚቀበለው ተርጓሚ ብቻ ያሠሩ። ስምዎ በፓስፖርቱ ላይ እንዳለው፣ ፊደል ሳይጎድል መጻፉን እዚያው ቆመው ያመሳክሩ፤ በአንድ ፊደል ልዩነት ፋይል ይመለሳል። የድሮው ካርድ ብዙ ጊዜ ስለሚወሰድ ሁለቱንም ገጽ ኮፒ አድርገው ያስቀሩ።

ከወጪው ከባዱ የመጀመሪያው ዓመት መድን ነው። ከአገር ቤት ያመጡት ደብዳቤ ተቀባይነት ካገኘ ክፍያው ይቀንሳል። መኪናውን ከመግዛትዎ በፊት በሞዴሉ የመድን ዋጋ ያስጠይቁ፤ ትልቅ ሞተር ያለው አሮጌ መኪና በርካሽ ተገዝቶ በመድንና በነዳጅ ሊያስመርር ይችላል። መድኑን፣ ግብሩን፣ የቴክኒክ ምርመራውንና ጎማውን ደምረው ለ12 ያካፍሉ፤ የወሩን ነዳጅና የመኪና ማቆሚያ ይጨምሩበትና ከወርሃዊ የአውቶቡስ ወይም የባቡር ትኬት ጋር ያስተያዩት።

የመቀየሪያው ቀነ ገደብ ካለፈ መኪናውን ያቁሙ። ጊዜው ባለፈበት መንጃ አደጋ ከደረሰ፣ መድን ድርጅቱ ለተጎጂው የከፈለውን ካሳ መልሶ ከእርስዎ ሊጠይቅ ይችላል።